የቫይታሚን አወሳሰድ ምንድን ነው? አንጀት ሲቆጣ የበሉት ሁሉ ለምን አይደርስም?

አንድ ዘመዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ የተጠበሰ ቆሮሶ ካልበላ ሳምንቱ የሞላለት አይመስለውም። የሀዋሳ ልጅ ነውና አይፈረድበትም። አምና እጅና እግሩ እየደነዘዘ፣ ደረጃ ሲወጣ ልቡ እየመታ ሲያስቸግረው ተመረመረና «ቫይታሚን ቢ12 በጣም አንሶብሃል» ተባለ። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «እኔ? ዓሣ እየበላሁ?» የሚል ነበር።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢ12 ዓሣ ውስጥ አለ፤ መቶ ግራም የበሰለ ቆሮሶ ወደ 2 ማይክሮግራም የሚጠጋ ይሰጣል፤ አንድ ጤናማ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሳህኑ ላይ እንግዲህ ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሰውየው ክሮንስ የሚባል የአንጀት ሕመም አለበት፤ ከዓመታት በፊትም ከትንሹ አንጀቱ መጨረሻ ከስንዝር የሚበልጥ ተቆርጦ ወጥቶለታል።

የቫይታሚን አወሳሰድ ሲባል በየቀኑ በምግብ በኩል በአፍ የሚገባው መጠን ማለት ነው። ከገባው ውስጥ አንጀት መጥጦ ለደም የሚያስረክበው ሌላ መጠን ነው። ጤነኛ ሰው ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አስቀድሞ ታስቦበታል፤ ለምሳሌ ያ 2.4 ማይክሮግራም የተሰላው አንጀት ከምግቡ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይወስዳል ተብሎ ነው። አንጀቱ የሚቆጣ ሰው ላይ ግን ስሌቱ ይፋለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው።

«አንጀት ይቆጣል» ስል የአንጀት ብግነት የሚባለውን የቆየ ሕመም ማለቴ ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ትልቁን አንጀት ብቻ ይይዛል፤ የሚያቆስለውም የውስጠኛውን ሽፋን ነው። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ እየዘለለ ይይዛል፤ የአንጀቱን ግድግዳም ዘልቆ ይበላል። በጣም የሚወደው ቦታ ግን የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ኢሊየም የሚባለው ክፍል ነው። በ1932 የኒው ዮርኮቹ ሐኪሞች ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር ሕመሙን ሲገልጹት የጻፉት ስለዚሁ ክፍል መቆጣት ነበር። ስሙ ለአንዱ ቀረ።

እኛ አገር ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ሲመላለስ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ ናቸው፤ ሐኪም ደግሞ የአንጀት ቲቢን ይጨምርበታል። ይህ ዝም ብሎ መጠራጠር አይደለም። የአንጀት ቲቢም ያንኑ የትንሹንና የትልቁን አንጀት መገናኛ ይወዳል፤ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀት ውስጥ በሚገባ የካሜራ ቱቦ፣ ሲታይ እንኳ ከክሮንስ ጋር ያምታታል። የክሮንስ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቲቢ ያለበት ሰው ላይ ቢጀመሩ አደጋ ነው። መንገዱ የሚረዝመው ለዚህ ነው፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ሰው ይከሳል።

ወደ ቢ12 ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚገባው እሱን ሲያውቁ ነው። ቢ12 ከሥጋው ወይም ከዓሣው የሚላቀቀው በጨጓራ አሲድ ነው። ከዚያ ጨጓራ ራሱ የሚሠራው ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚባል አጃቢ ፕሮቲን አለ፤ ትንሹ አንጀት ውስጥ ሲደርሱ ይጣበቁና አብረው ይጓዛሉ። የሚቀበላቸው በር ያለው ኢሊየም መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ትኬቱ ሀዋሳ መናኸሪያ ድረስ የተቆረጠ ተሳፋሪ አስቡ። ዝዋይም፣ ሻሸመኔም ያልፋል፤ መውረድ ግን አይችልም። ሀዋሳ ሲደርስ መናኸሪያው ከተዘጋ አውቶቡሱ ይዞት ያልፋል። የዘመዴም ዓሣ እንደዚያ ነው፤ በልቶታል፣ ፈጭቶታል፣ ቫይታሚኑ ግን መውረጃ አላገኘም።

ከኢሊየም መጨረሻ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ የተቆረጠለት ሰው ቢ12 በመድኃኒት መልክ ዕድሜ ልኩን እንዲወስድ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ የተለመደው 1000 ማይክሮግራም በየወሩ በመርፌ ነው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ብቻ ያለበት ሰው ግን ኢሊየሙ ደህና ስለሆነ ቢ12 በዚህ መንገድ አይጠፋበትም፤ እሱን ይበልጥ የሚያሰጋው ከሰገራ ጋር በሚወጣው ደም የሚያልቀው ብረት ነው። ብረት ደግሞ ቫይታሚን አይደለም፤ ወሬውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ቢ12 የሚያታልልበት አንድ ነገር አለ። ጉበት ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ያህል ያስቀምጣል፤ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ነው። ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ተደርጎ ጣት የሚደነዝዘው ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው አይኖርም። ዘመዴም ድንዛዜውን «ብርድ ነው» ብሎ ስንት ወር ጅማቱን ሲያሳሽ ከረመ።

እስካሁን ያልኩት ስለ መምጠጥ ነው። አወሳሰዱ ራሱ፣ ማለትም ሳህኑ፣ የሚጎድለው በሌላ ምክንያት ነው፦ በፍርሃት። ሕመሙ ሲነሳበት ሰው ከምግብ ጋር ይጣላል። ጎመን ነፋኝ ብሎ ይተዋል፤ ምስር ሆዴን አስጮኸው ይላል፤ ብርቱካን ይቆጠቁጠዋል፤ ወተት ያስቀምጠዋል። እያንዳንዱን ለብቻ ብታዩት እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን የሚቀረው ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ነጭ ዳቦና ሻይ ነው። ቤተሰብም ይጨምርበታል፤ «አጥሚት ብቻ ጠጣ» የምትል አክስት የሌለችው ማን አለ? ሕመሙ በርዶ ወራት ካለፈ በኋላም የተባረሩት ምግቦች ሳይመለሱ ይቀራሉ። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይኼ ነው፤ በቁጣው ሰሞን የተደረገ ጥንቃቄ የዕድሜ ልክ ሕግ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ መንገድ ቀድሞ የሚጎድለው ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን (ቢ9) ነው፤ ከዚያ ቫይታሚን ሲ። ፎሌት ያለው ከነዚያው ከተባረሩት ከጎመን፣ ከምስር፣ ከሽንብራ ውስጥ ነው፤ አዋቂ በቀን 400 ማይክሮግራም ይፈልጋል። አንጀቱ በጠባሳ የጠበበ ሰው ቃጫ (ፋይበር) ያለው ምግብ መፍራቱ ልክ ነው፤ ሊዘጋበት ይችላል። መፍትሔው ግን ምግቡን መተው ሳይሆን መልኩን መቀየር ነው። ጎመኑ ደቅቆ በደንብ ይብሰል፤ ምስሩ ክክ ይሁን። ፎሌትና ሲ በውኃ ሟምተው ስለሚወጡ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት ቫይታሚኑን መድፋት ነው፤ ሾርባ ይደረግ። ደግሞ ሀዋሳ ላይ ተቀምጦ አቮካዶ መርሳት አይቻልም። መቶ ግራሙ ወደ 80 ማይክሮግራም ፎሌት አለው፤ ለስላሳ ነው፤ ቅባትም አለው። ከፓፓያና ከማንጎ ጋር እስፕሪስ ሲሆን ሲውም አብሮ ይገባል። ዘይቱን (ጓቫ) በቫይታሚን ሲ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ውስጡ ያለው ጠንካራ ዘር ግን ለጠበበ አንጀት አይሆንም፤ ጨምቆ ማጥለል ይሻላል።

ቆጮን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። እንሰት የሲዳማ ኩራት ነው፤ ጉልበትም ይሰጣል። ነገር ግን በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ቫይታሚኑ የሚመጣው ከሚያጅበው ነው። ቆጮው ቡርሳሜ ሆኖ በቅቤ ሲታሽ ቫይታሚን ኤ ያገኛል፤ ወተትና ጎመን ሲጨመር ሌላው ይሟላል። አጃቢው በሕመም ምክንያት ከቀረ ቆጮው ብቻውን ሆድ ከመሙላት አያልፍም። ጾምም እንደዚሁ ነው። የሁዳዴው 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲጨመርበት፣ ዓሣም ለማይበላ ጿሚ ቢ12 ያለበትን ምግብ በሙሉ ያወጣል፤ ከዕፅዋት ምግብ አይገኝምና። ጤናማ ሰው የጉበቱን ስንቅ እየበላ ያልፈዋል፤ ኢሊየሙ የታመመ ሰው ግን ስንቅ ላይኖረው ይችላል። ለንስሐ አባት መንገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሦስተኛው ሌባ መድኃኒቱ ነው። ለአንጀት ብግነት ከሚሰጡት ውስጥ ሰልፋሳላዚን ፎሌት እንዳይመጠጥ ያግዳል፤ ሜቶትሬክሴት የፎሌትን ሥራ ራሱን ይቃወማል፤ ሁለቱም ሲታዘዙ ፎሊክ አሲድ (በክኒን መልክ የተሠራው ፎሌት) አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን አጥንት ያሳሳል፤ በዚያ ጊዜ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ለጨጓራ ተብሎ ለዓመታት የሚዋጠው ኦሜፕራዞል አሲዱን ስለሚቀንስ ቢ12 ከምግቡ እንዳይላቀቅ ያደርጋል። ቲቢ ነው ተብሎ አይሶናያዚድ የጀመረ ሰው ደግሞ ቢ6 ሊጎድለው ይችላል፤ ፒሪዶክሲን፣ ማለትም ቢ6 ራሱ፣ የሚሰጠው ለዚያ ነው።

ቫይታሚን ዲን ፀሐይ ትሠራዋለች፤ ምግብ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ፀሐይ በሞላበት ከተማም ታማሚ ሰው ቤት ይውላል፣ ተሸፍኖ ይወጣል፤ ስለዚህ በምርመራ ማየት እንጂ በአየር ንብረቱ መተማመን አይበቃም። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት የሚጓዙ ናቸው። ቅባት እንዲፈጭ ሐሞት ያስፈልጋል፤ ሐሞት ተመልሶ የሚመጠጠው ደግሞ እዚያው ኢሊየም ላይ ነው። ብዙ የተቆረጠለት ሰው ሰገራው ቅባታም ሆኖ ከተንሳፈፈ አራቱም አብረው እየወጡ ሊሆን ይችላል።

ምርመራውንም በልኩ ማንበብ ያስፈልጋል። ብግነቱ በጋለበት ሰሞን የቫይታሚን ኤና የዲ መጠን በደም ውስጥ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ሲ አር ፒ የሚባለው የብግነት ምርመራ አብሮ ቢታይ ውጤቱ ትርጉም ይኖረዋል። ከተቻለ ደግሞ ሕመሙ ሲበርድ መመርመር ይሻላል።

ፋርማሲ ገብቶ «የነርቭ መርፌ ስጡኝ» ማለት ሀዋሳም ሌላውም ከተማ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ቢ12 የጎደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢወስድ የደም ማነሱ ይሻለዋል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድን ብቻ መጀመር አይገባም። ሁለተኛ፣ «የነርቭ መርፌ» የሚባሉት የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል፤ ድንዛዜ ለማከም ተብሎ።

መርፌ የሚፈራ ሰው ሌላ መንገድ የለውም ማለት አይደለም። ከሚዋጥ ቢ12 ውስጥ አንድ መቶኛ ያህሉ ያለ አጃቢውም ያለ በሩም በአንጀት ግድግዳ ሾልኮ ያልፋል። ከዓሣ 2 ማይክሮግራም አንድ መቶኛው ምንም አይደለም፤ 1000 ማይክሮግራም ካለው ክኒን ግን 10 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ሰውነት በቀን ከሚፈልገው በብዙ ይበልጣል። በየቀኑ ሳይዘለል መዋጥና ደሙን እየተመረመሩ መከታተል ግን ግዴታ ነው። ነርቩ አስቀድሞ የተነካ ሰው በመርፌ ይጀምራል።

ዘመዴ በመርፌ ጀመረ፤ አሁን በየወሩ አንድ ይወጋል። የእግሩ ድንዛዜ ቀንሷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ገና ነው። ቅዳሜ አሞራ ገደል መውረዱን አልተወም፤ የተጠበሰው አሁንም ፕሮቲኑ አይቀርበትም። ጥሬውን ዓሣ ግን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን አዛቲዮፕሪን ስለሚወስድ፣ ከነሚጥሚጣው ለጓደኞቹ ትቶላቸዋል።