ቀርቦም ቃሬዛውን ነካ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ፣ ወንድሞችና እኅቶች።

አንዳንድ ቀብር ላይ የሚታየው ነገር ልብ ይሰብራል። ሳጥኑ በአበባ፣ በመብራትና በትልቅ ፎቶ ባሸበረቀ ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ጸሎቱ ተጀምሮ እያለ ዘመድ ለቪዲዮ ይሰለፋል፤ ካህኑ ጽና ይዞ መተላለፊያ ያጣል። ሳጥኑ የሚያርፍበት መቆሚያ ለማን እንደተሠራ ረሳን?

በሮማ ካቶሊክ ሥርዓት ይህ መቆሚያ ካታፋልክ ይባላል። በቀድሞው ልማድ ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሻማ ይቆምለታል። የምእመን እግር ወደ መሠዊያው ይሆናል፤ በሕይወቱ ሲጸልይ ወደዚያ ይመለከት ነበርና። የካህን ግን ራሱ ወደ መሠዊያው ነው፤ ፊቱ ወደ መንጋው። ካህኑ ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፤ አንዴ ጸበል እየረጨ፣ አንዴ እያጠነ። ስለዚህ በዙሪያው ሰው እንደ ልብ የሚያልፍበት ቦታ ባዶ ይተው። አበባውን በግርጌ በኩል አድርጉት።

አዘጋጆች ሆይ፣ ይህንንም ልብ በሉ። ጨርቁን ከማልበሳችሁ በፊት የመቆሚያውን ጎማዎች ቆልፉ፤ ከለበሰ በኋላ መቆለፉን ማንም አያይም። ሳጥኑ በራስጌ በኩል ይከብዳል፤ ሲነሣ እንዳያዘነብል ተጠንቀቁ። ሻማ ከጨርቁ ይራቅ። ከፍታው ከወገብ አይለፍ፤ አለዚያ ተሸካሚዎቹ ሊያወርዱት ይቸገራሉ፣ እናትም ልትሰናበተው አትደርስበትም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስን አስቡ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ የቀብር ሥርዓት የጳጳሱ አስከሬን በከፍታ ላይ መታየቱን አስቀረ፤ ከሳይፕረስ፣ ከእርሳስና ከኦክ የሚሠሩት ሦስቱ ሳጥኖችም ቀርተው አንድ፣ ውስጡ ዚንክ የለበሰ የእንጨት ሳጥን ሆነ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲያርፉ እንዲሁ ተደረገ። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ዝቅ ባለ ክፍት ሳጥን ውስጥ ሆነው ሕዝቡ አያቸው። የዓለም መሪዎች በተሰበሰቡበት በሥርዓተ ቀብራቸው ዕለት ሳጥኑ አደባባዩ ላይ በምንጣፍ አረፈ፤ በላዩም ወንጌል ተቀመጠ። ፎቶ አልነበረበትም!

አሁን ጌታ ኢየሱስ የመበለቲቱን አንድ ልጅ ከሞት ወዳስነሣባት ከተማ፣ ወደ ናይን በር እንሂድ። በሕጉ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነበር (ዘኍ. 19፥11)። ጌታ ግን «ቀርቦም ቃሬዛውን ነካ» (ሉቃ. 7፥14)። ለሞተው ልጅ ከመናገሩ በፊት ነካ። ጣቱ ያረፈው በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ባለው እንጨት ነው፤ እነርሱም ቆሙ። ቃሬዛው ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ ምን እንደለበሰ ሉቃስ አልነገረንም።

አንቺ ልጅሽን በእድር ቃሬዛ የሸኘሽ እናት፣ «አበባ እንኳ አላስቀመጥኩለትም» እያልሽ ሌሊት የምታለቅሺ፣ ስሚኝ። የናይኗም እናት መበለት ነበረች፤ የነበራት እርሱ ብቻ ነው። ጌታ አይቷት አዘነላት። «አታልቅሺ» ያላትም ቃሬዛውን ከመንካቱ በፊት ነው።