አዳማ ላይ አበባ መንከባከብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ ሦስት ጽጌረዳ ከነሥራቸው ነቅላ በር ላይ ጣለቻቸው። ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ረግፏል። «አዳማ ለአበባ አትሆንም፤ ትርፉ ልፋት ነው» አለችኝ። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነበር። አልሞቱም። ሁለቱን ለምኜ ወሰድኩ። አንዱ አልያዘልኝም፤ ሌላው አሁን በሬ ላይ ያብባል።

ጎረቤቴ ሰነፍ አይደለችም። በየቀኑ ውሃ ታጠጣ ነበር። የጎዳት አዲስ አበባ ካሉ ዘመዶቿና ከስልክ ቪዲዮ የለቀመችው ምክር ነው። እዚያ የሚሠራው ሁሉ እዚህ አይሠራም። ሰፈር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«አዳማ ሞቃት ስለሆነች አበባ አይበቅልባትም»

የከተማዋ ስም ራሱ «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ቁልቋል ማለት ነው። አገሩ ድርቅን የሚችል ተክል አገር ነው። አዳማ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይህ ልዩነት ለአንዳንድ አበባ ችግር፣ ለሌላው ግን በረከት ነው። ቡገንቪሊያ፣ ሂቢስከስ፣ ፍራንጂፓኒ፣ ካና፣ ሬት፣ ዚኒያ፣ ሁሉም ሙቀት ይወዳሉ። አዳማ ላይ ቡገንቪሊያ አጥር ሙሉ ሲቀላ ያላየ ያለ አይመስለኝም።

«የኔ ቡገንቪሊያ ግን ቅጠል ብቻ ሆነብኝ» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውሃና ፍግ ማብዛት ነው። ቡገንቪሊያ ሲጠግብ ቅጠል ያወጣል፤ ጠማ ጠማ ሲለው ያብባል። አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ አፈሩ በደንብ እስኪደርቅ ተዉት። ቀይና ሮዝ ሆኖ የሚታየው ደግሞ አበባው ሳይሆን ቀለም ያለው ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት።

«አበባውን የሚያደርቀው ፀሐዩ ነው»

ፀሐዩ ብቻውን አይደለም። አዳማ ላይ የበጋው ዋና ጠላት ነፋሱ ነው። ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከሉም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ነፋሱ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ያ ነፋስ ግቢያችን ሲገባ ከቅጠል ላይ እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። ሥሩ ውሃ እያለው እንኳን ለቅጠሉ ቶሎ ማድረስ ያቅተዋል። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ሲኮማተር የነፋስ ሥራ መሆኑን ጠርጥሩ።

ሰው ግን ፀሐይ መስሎት ጽጌረዳውን ጥላ ውስጥ ይወስደዋል። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ይቀጥናል፣ አበባም ይነፍጋል። መፍትሔው ነፋሱን መስበር ነው። ድፍን ግንብ ብቻውን አይበቃም። ነፋሱ ከላይ ዘሎ ከግንቡ ጀርባ ይሽከረከራል። የቁጥቋጦ አጥር ይሻላል፤ የተወሰነውን እያሳለፈ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ቀንጭብ ለዚህ ጥሩ ነው። ስትቆርጡት ግን ነጩ ወተት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ በጣም ተጠንቀቁ፤ ልጆችንም አርቁ።

«ጠዋትና ማታ ረጨት ረጨት ማድረግ ይበቃል»

ጎረቤቴን የጎዳት በዋናነት ይሄ ነው። በየቀኑ በትንሹ የሚረጭ ውሃ የላይኛውን አፈር ብቻ ያርሳል። ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይ ይመጣል። የበጋ ፀሐይ ደግሞ ያንን ስስ ንጣፍ በአንድ ቀን ያግለዋል። ያኔ ሥሩ ይጠበሳል።

ውሃ አልፎ አልፎ፣ ግን በጥልቀት አጠጡ። ለያዘ ጽጌረዳ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል፣ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ጥሩ መነሻ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ይሄ ይቀላል። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ከዚያ አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር አልብሱት። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ይህ ጉዝጓዝ የሚያድነው ውሃ ቀላል አይደለም። እኔ ግቢ ውስጥ ካደረግኩት ነገር ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው።

«በቀትር ውሃ ከነካው ጠብታው እንደ መነጽር ቅጠሉን ያቃጥላል» የሚባለውም የተጋነነ ነው። ልሙጥ ቅጠል ላይ ጠብታው ከቅጠሉ ጋር ስለሚጣበቅ ብርሃኑን ሰብስቦ ለማቃጠል ርቀት የለውም። ጠዋት ማጠጣት የሚሻለው ውሃው ሳይተን ወደ ሥር ስለሚገባ ነው። ተክሉ በጥማት ጠውልጎ ካያችሁት ግን ሰዓቱን ሳታዩ አጠጡት።

«ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ጠምቶታል»

አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አበባ የሚሞተው በዚህ ስህተት ነው።

ቅጠሉን ገልብጡት። ከጀርባው ስስ ድርና አቧራ የመሰሉ ነጠብጣቦች ካሉ ቀይ ሸረሪት ነው። ይህች በዓይን የማትሞላ ተባይ ደረቅና ሞቃት አየር ትወዳለች፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ትፈነጫለች። የጎረቤቴን ጽጌረዳ ያረገፈችውም እሷ ነበረች። መጀመሪያ ቅጠሉን ከሥር በኩል በውሃ ጎማ በኃይል እጠቡት፤ በየሦስት ቀኑ ድገሙት። ዝም ብሎ ጠንካራ ፀረ ተባይ መርጨት ሸረሪቷን የሚበሉትን ነፍሳት ጭምር ይገድላል። ከዚያ እሷ ብሳ ትመለሳለች።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ደግሞ የብረት እጥረት ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ብዙ ቦታ ወደ አልካላይን፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒው፣ ያዘነብላል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። እዚህ ላይ ነው «አመድ ማዳበሪያ ነው» የሚባለው ምክር የሚጎዳን። አመድ አልካላይን ነው። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ደጋ፣ ገበሬው ኖራ በሚጨምርበት አገር፣ አመድ ይረዳል። አዳማ ላይ ግን ችግሩን ያባብሰዋል። የምድጃችሁን አመድ ከጽጌረዳ መደብ አርቁ። በምትኩ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ጨምሩ። የቡና አተላ ካለም ከኮምፖስቱ ጋር ቀላቅሉት።

ስለ ፍግ ካነሳን፣ የጋሪ ፈረስ ፍግ በጣም ጥሩ ነው። ትኩሱን ግን አትጠቀሙ፤ ሥር ያቃጥላል። ጥቂት ወራት ተከምሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ እንደ አፈር ሲፈረፈር ነው የደረሰው።

«በልግ ሲዘንብ መትከል ነው»

የመጋቢት ዝናብ ያጓጓል። ሁለት ቀን ይጥልና ሦስት ሳምንት ይጠፋል። የአዳማ በልግ አይታመንም፤ የዓመቱ ከባድ ሙቀትም ያኔ ነው። ችግኝና ቅንጣቢ ለመትከል የሰኔን መጨረሻና ሐምሌን ጠብቁ። ተክሉ ከበጋው ነፋስ በፊት ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል።

«ክረምት ከገባ አበባው ራሱን ይችላል»

ከማጠጣት ታርፋላችሁ፤ ከመንከባከብ ግን አይደለም። የጽጌረዳ ቅጠል ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ የሚመጣ ፈንገስ ነው። ነጠብጣብ የያዘውን ቅጠል ልቀሙ፤ የረገፈውንም ጠርጋችሁ ከግቢ አውጡ። መሬት ላይ ከቀረ ዝናቡ እየረጨ መልሶ ያሲዘዋል።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ የሚታየው ዱቄት መሳይ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱም ፈንገስ ቢሆንም ቅጠል እንዲርስ አይፈልግም። ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ይስማማዋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ዝናቡ ነው» ማለት ስህተት ነው። ለሁለቱም የሚጠቅመው የቁጥቋጦውን መሃል ከፍቶ አየር ማስገባት ነው።

«መግረዝ ተክሉን ያደርቀዋል»

መቀስ ሲያዩ የሚሳቀቁ እናቶች አውቃለሁ። አንጀታቸው አይችልም። ጽጌረዳ ግን የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ካልተገረዘ እንጨት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል፣ ከፈረንጅ ቪዲዮ አይተው እስከ መሬት የሚቆርጡም አሉ። ያ በረዶ ላለበት፣ ተክሉ ለወራት ለሚተኛበት አገር ነው። አዳማ ላይ ጽጌረዳ አይተኛም። ሲሶውን ያህል ማንሳት ይበቃል።

ከተገረዘ በኋላ ለማበብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ይህን ከያዛችሁ አበባውን ለበዓል ማድረስ ትችላላችሁ። ለእንቁጣጣሽ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ለገና ደግሞ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ግረዙ። እኔ ሐምሌ 15 ገርዤ መስከረም 1 ጠዋት ለእናቴ ከግቢዬ የቆረጥኩትን አበባ ይዤላት ሄጃለሁ። ያንን ደስታ ሁላችሁም እንድታዩት እመኛለሁ።

«ማሰሮ ሥር ጠጠር ካለ ውሃ ይወርዳል»

አይወርድም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አያልፍም። ከጠጠሩ በላይ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ወደ እርጥቡ ይጠጋል። የተቆረጠ ጀሪካንም ቢሆን፣ ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ ብሱና እስከ ታች አፈር ሙሉት።

«የገና አበባዬ ያልቀላው ዘሩ መጥፎ ስለሆነ ነው»

በገና ሰሞን የላይኛው ቅጠሉ እንደ እሳት የሚቀላውን፣ ብዙዎች የገና አበባ የሚሉትን ተክል ማለቴ ነው። አንድ ዘመዴ ቤት ይህ ተክል ለሁለት ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ፍግ ጨመሩ፣ ቦታ ለወጡ፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ዓመት ስሄድ ማታ ነበር። የበረንዳው አምፖል ልክ ከአናቱ ላይ በርቷል።

ይህ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ጨለማውን ይቆጥራል፤ መብራት ቆጠራውን ያበላሽበታል። አምፖሉ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ማታ እንዳይበራ ተስማማን። ሁለት ወር ተኩል ያህል ጠበቁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በስልክ ፎቶ ላኩልኝ። ወደ በረንዳው የዞረው ጎን ሁሉ ቀልቷል። ወደ መንገዱ የዞረው ቅርንጫፍ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ እዚያ የመንገድ መብራት ያገኘዋል። ዘንድሮ በዚያ በኩል ማታ ማታ ማዳበሪያ ጆንያ ሊጋርዱበት አስበዋል።