«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል»፦ ከእንግሊዝ መቃብር የወጣ ጌጥ እና የኛ ተረት

ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ትዳር ሲፈርስ ነው። ሰውየው ደህና ሚስቱን ትቶ ይሄድና ዓመት ሳይሞላው መጸጸት ሲጀምር፣ ጎረቤት ራሱን እየነቀነቀ «አይ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል። ጎበዝ ሠራተኛውን ንቆ ላባረረ መሥሪያ ቤትም ይባላል። ትርጉሙ አይከብድም። ሁሌ የምናየው ነገር ዓይናችን ውስጥ ይረክሳል።

እኔ ግን አንዷ ቃል ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። «ይቆጠራል» ነው የሚለው፣ «ይሆናል» አላለም። ወርቁ ምንም አልሆነም፣ እንዳለ ነው። ከመዳብ ጋር የደመረው ቆጣሪው ነው። «ከሰው ተቆጠረ» እንደምንለው ማለት ነው፤ ወርቁ ያለ ወገኑ ገብቶ ተቆጠረ። ጥፋቱ ያለው እዚያ ጋ ነው።

ለምን መዳብ? መዳብ ሲወለወል ቀላ ብሎ ያበራል፣ ከሩቅ ላየው ያሳስታል። አንጥረኛም ወርቁ እንዲጠነክርለት መዳብ ይቀላቅልበታል፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ የሚውሉ ናቸው። በአክሱም ዘመን ነገሥታቱ የወርቅም የብርም የመዳብም ሳንቲም ያስመቱ ነበር፣ አንዳንዱ የመዳብ ሳንቲም ላይ ደግሞ ትንሽ ወርቅ ይለበጥበት ነበር። ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? አንዱ መንገድ በእጅ መያዝ ነው። እኩል መጠን ቢኖራቸው ወርቅ ከመዳብ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። የተረቱ ብርታት የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፦ ወርቅን ለይቶ የሚያውቀው እጅ ነው፣ ሲቆይ የሚንቀውም ያው እጅ ነው።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ታሪክ ደግሞ የእንግሊዝ ነው።

በኬንት፣ ኪንግስተን በሚባል ቦታ፣ ብራያን ፎሴት የተባለ ቄስ የድሮ መቃብሮችን ያስቆፍር ነበር። በሕይወቱ ከ700 በላይ መቃብር አስከፍቷል። ኦገስት 5 ቀን 1771 እ.ኤ.አ. ከአንዲት ሴት መቃብር አንድ ብሮሽ ወጣ። ብሮሽ ያልኩት ልብስን ደረት ወይም ትከሻ ላይ የሚይዝ ባለ ጌጥ መርፌ ነው፣ የኛ መርፌ ቁልፍ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው! ክብ ነው፣ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። ወርቅ ነው። ፊቱ በቀጫጭን የወርቅ ግድግዳ ተከፋፍሎ በየክፍሉ ቀይ የጋርኔት ድንጋይ፣ ሰማያዊ መስተዋትና ነጭ ዛጎል ተሰክቶበታል፤ ከጋርኔቱ ሥር ደግሞ ብርሃን መልሶ እንዲረጭ ስስ የወርቅ ቅጠል ተነጥፎለታል። የተሠራው በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን ይህን የሠራ አንጥረኛ እጁ ይባረክ ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

በዚያው መቃብር የነሐስ ሳህኖችም ነበሩ። ነሐስ ደግሞ ዋናው ነገሩ መዳብ ነው። ወርቁ ከመዳብ አጠገብ ከ1,100 ዓመት በላይ ተኛ ማለት ነው። ዘመዶቿ ግን ወርቁን ከመዳብ የቆጠሩት አይመስለኝም፤ ከአንገቷ አጠገብ አድርገው አብረዋት ቀበሩት።

ፎሴት ጌጡን በሠረገላው ይዞ ቤቱ ገባ። በማግስቱ አገሩ «ሠረገላው ወርቅ ከመሙላቱ የተነሳ ጎማው መዞር አቃተው» ብሎ አወራ ይባላል። በሰው እጅ ያለ ወርቅ ሁሌም ይበዛል! ፎሴት ራሱ ግን የያዘው ነገር የማን እንደሆነ በትክክል አልገባውም። የሮማውያን ዘመን ሰዎች መቃብር መስሎት ነበር። የአንግሎ-ሳክሰኖች፣ ማለትም የዛሬዎቹ እንግሊዞች ቀደምት አባቶች ቅርስ መሆኑ የተለየው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ስብስቡ ለ80 ዓመት ያህል ከቤተሰቡ ጋር ቆየ። ከዚያ በ1853 ለብሪቲሽ ሙዚየም «ግዙን» ተባለ። የሙዚየሙ ባለአደራዎች አንፈልግም አሉ። ልብ በሉ፣ ያኔ ሙዚየሙ የግሪክን፣ የግብፅንና የአሦርን ቅርስ ከሩቅ አገር እያስጫነ የሚያስመጣበት ዘመን ነው። ይሄ ግን የገዛ አገራቸው አፈር ያወጣው፣ ከለንደን ብዙ በማይርቅ ሜዳ የተገኘ ነበር። የታሪክ አዋቂዎች ቢጮሁም ውሳኔው አልተቀየረም። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ በእውነት አዘንኩ፣ ግን አልሳቅባቸውም፤ እኛም የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ሳናይ ስንቱን የሩቅ ነገር እናደንቃለን።

በመጨረሻ የገዛው ጆሴፍ ማየር የሚባል የሊቨርፑል ሰው ነው። የማየር ሥራ ምን ነበር ብትሉ፣ ወርቅ ሠሪ። ሙሉ ስብስቡን በ1854 ገዛ፣ በ1867 ደግሞ ሌላውን ቅርሱን ጨምሮ ለሊቨርፑል ከተማ በስጦታ ሰጠ። ስለዚህ የኪንግስተንን ብሮሽ ማየት የፈለገ የለንደን ሰው ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየምን ትቶ ሊቨርፑል ድረስ ባቡር ይሳፈራል።