የፊልም ሙዚቃ ኮንሰርት ምንድን ነው?

በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ ዝግጅቶች ይጠራሉ፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በአንደኛው ኦርኬስትራው ከልዩ ልዩ ፊልሞች የተመረጡ ሙዚቃዎችን ያለ ምስል ይጫወታል። በሁለተኛው ፊልሙ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትልቅ ስክሪን ይታያል። ንግግሩ፣ የዝናቡና የበሩ ድምፅ ከስፒከር ይወጣል፤ ሙዚቃው ብቻ ከፊልሙ ላይ ተነስቶ ሰማንያም መቶም የሚሆኑ ሙዚቀኞች እዚያው መድረክ ላይ ይጫወቱታል። ለዚህ ንግግሩ፣ የአካባቢው ድምፅና ሙዚቃው በየራሳቸው ትራክ ተለይተው የተቀመጡ መሆን አለባቸው። ተደባልቀው በቀሩ የቆዩ ፊልሞች ላይ ሙዚቃውን ለይቶ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው።

ጎንደር አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ሙዚቃ አድማጩን ሲጠብቅ አይቷል። አዝማሪው ከታዳሚ ግጥም ሲቀበል ሳቁ እስኪበርድ ያንኑ ዜማ በማሲንቆው ይመላልሰዋል። ፊልም ግን ማንንም አይጠብቅም። በሰከንድ 24 ምስል እያሳለፈ ይነጉዳል፤ ኦርኬስትራው ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ጥፊው ካረፈ በኋላ ነው ከበሮው የሚመታው።

ስለዚህ የኦርኬስትራው መሪ ጆሮው ላይ ሄድፎን ያደርጋል፤ በውስጡ ጠቅ ጠቅ የሚል ምት ይሰማዋል። ክሊክ ትራክ የሚባለው ይህ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በደቂቃ 1,440 ምስል ያልፋል። በየ12 ምስሉ አንድ ምት ከተሰማ በደቂቃ 120 ምት ይሆናል፤ በየ16ቱ ከሆነ 90፣ በየ24ቱ ከሆነ 60። ሌላው ዘዴ በዓይን የሚታይ ነው። ከኖታው አጠገብ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ ወሳኙ ቅጽበት ሲቃረብ ቀጥ ያለ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዳር ሲደርስ ክብ ብልጭታ ይታያል፤ ምቱ የሚወድቀው እዚያች ብልጭታ ላይ ነው። ዘዴው በሆሊውዱ የሙዚቃ ሰው በአልፍሬድ ኒውማን ስም ይታወቃል። ቀድሞ መስመሩ የሚሠራው የፊልሙን ጥቅል በመፋቅ፣ ብልጭታው ደግሞ በመብሳት ነበር።

ለሩጫና ለድብድብ ክሊኩ የግድ ነው። ለፍቅርና ለሐዘን ትዕይንት ግን መስመሩና ብልጭታው ይበቃሉ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በክሊክ የታሰረ ዜማ ይደርቃል፣ ቫዮሊኖቹ ትንፋሽ ያጣሉ። ጥሩ መሪ ሁለቱን እያፈራረቀ ይሠራባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የድምፅ ሚዛን ነው። ፊልም ሲሠራ ንግግር ሲመጣ ባለሙያው ሙዚቃውን ዝቅ ያደርገዋል፤ በአዳራሽ ውስጥ ግን ትሮምቦንና ትራምፔት ሲነሱ ንግግሩ ይዋጣል። የንግግሩ ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ የሚታየው ለዚህ ነው። እናንተም ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ ተቀመጡ። ፊት ረድፍ ላይ አንገት ይታመማል፣ የሚሰማውም የቅርቡ መሣሪያ ብቻ ነው። በጣም ወደ ኋላ መሸሽም አያዋጣም፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ከምስሉ 0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል።

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ምሽት ሲታሰብ ፋሲል ግቢ ወይም የፋሲል መዋኛ ቀድሞ ወደ ልብ ይመጣል። ለዓይን የሚተካከላቸው የለም፤ ለጆሮ ግን አዳራሽ ይሻላል። ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለ የቫዮሊኖቹና የሌሎቹ ባለ ክር መሣሪያዎች ድምፅ ይበተናል፤ በማይክሮፎን መደገፍ አለበት። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማታ ይበርዳል፤ ሲበርድ ደግሞ የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ይወፍራል፣ የብረት ክሮች ተኮማትረው ድምፃቸው ይቀጥናል። ከእረፍት በኋላ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ በድጋሚ መቃኛውን ድምፅ፣ 440 ኸርዝ ላይ ያለውን «ላ»፣ ሰጥቶ ሁሉም መቃኘት አለበት። ስክሪኑም ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት በደንብ አይታይም።

መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያልፉት ሰከንዶች ይበቃሉ፦ ፊልሙ ሲቆም ክሊኩም ይቆማል፣ መቶ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ፕሮጀክተሩና ፊልሙን የሚያጫውተው ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መሰካት አለባቸው፤ እንደገና የሚጀመርባቸው ቦታዎችም ቀድመው ኖታው ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል።

ከዚህ በፊት ያያችሁትን ፊልም ምረጡ፤ ታሪኩን ለመከተል የማይጨነቅ ዓይን ወደ ሙዚቀኞቹ መዞር ይችላል። የሁለት ሰዓት ፊልም ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚወስድ እራት ቀድማችሁ ብሉ። ሜዳ ላይ ከሆነ ጋቢ ያዙ። ኦቦው ሲቃኝ ወሬ አቁሙ። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲጀምር ደግሞ ተነስታችሁ እንዳትወጡ፦ የሚከተሉት ትዕይንት ስለሌለ ሙዚቀኞቹ በነፃነት የሚጫወቱት፣ የፊልሙ ዋና ዋና ዜማዎችም ተሰብስበው የሚመጡት እዚያ ላይ ነው።