ቀዝቃዛ የጎማ ንፋስ ልክ ምንድን ነው?

ቀዝቃዛ የጎማ ንፋስ ልክ የሚባለው መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ ቆሞ የጎማው ሙቀት ከአካባቢው አየር ጋር ሲስተካከል የሚለካው ግፊት ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ አምራቹ ለፊትና ለኋላ ጎማ ለይቶ የሚያስቀምጠው ቁጥር ይህንኑ ልክ ያመለክታል። ስለዚህ ጽሑፉ 33 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ ማለትም በሌላው አሃድ 2.3 ባር ያህል፣ ካለ ጎማው ገና ሥራ ሳይጀምር 33 ይሁን ማለቱ ነው፤ ሲሮጥ ውሎ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል አምራቹ አስቀድሞ አስቦበታል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ጎማን ያለ ዕድሜው የሚያስጨርሱ ብዙ ስሕተቶች የሚመነጩት ይህን ካለመረዳት ይመስለኛል።

በተዘጋ ነገር ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። በቤት መኪና ጎማ ላይ ጭማሪው ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ1.5 ፒኤስአይ ትንሽ ከፍ ይላል። ሙቀቱን የሚፈጥረው ፀሐይና አስፋልት ብቻ አይደለም። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍሉ እየተጫነና እየተለጠጠ ስለሚሄድ ከውስጡ ይግላል፤ ፍሬን ሲበዛ ደግሞ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይሻገራል።

ጠዋት አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ33 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ተነድቶ ውስጡ 55 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው ከ37 በላይ ያሳያል። በዚህ ሰዓት ጎሚስታ ዘንድ ጎራ ያለ ሾፌር «ንፋሱ በዝቷል፣ ይፈንዳብህ እንዴ?» ተብሎ ወደ 33 ቢያስተነፍሰው ያስተካከለ ይመስለዋል። ማታ ጎማው ሲቀዘቅዝ ግን ግፊቱ ወደ 29 ይወርዳል፣ በማግስቱም መኪናው ከሚገባው ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ በጎደለ ንፋስ ጉዞ ይጀምራል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ከተሞላው ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይበልጥ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲለካ አሁንም የበዛ ሊመስል ይችላል፣ ሾፌሩም ፍንዳታን ፈርቶ እንደገና ያስተነፍሳል። በሙቀት ጊዜ በእርግጥ ጎማ የሚያፈነዳው በአብዛኛው ይህ ጉድለት ከጭነትና ከፍጥነት ጋር ሲደመር መሆኑን ብዙ ሰው አያምንም።

ከሐረር ወይም ከአወዳይ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ የወረደ መኪና ለዚህ ስሕተት በተለይ የተጋለጠ ነው። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛና ረጅም በመሆኑ ፍሬን ሳይነካ የሚወርድ ሾፌር የለም፣ ከታች የሚጠብቀውም በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ የቀን ሙቀት ነው። እንዲህ ወርዶ የደረሰን ጎማ ወዲያው መለካት ስለ ፍሬኑ ድካም እንጂ ስለ ጎማው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

የከፍታ ልዩነቱስ? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ወደ ላይ ሲወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያነባል፤ ነገር ግን የሐረር አየር ከድሬዳዋ በብዙ ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሳል። ሁለቱ ስለሚጣፉ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ለዳገቱ ብሎ ንፋስ መጨመርም መቀነስም አያስፈልገውም።

ልኩ መጠበቅ አለመጠበቁ በጊዜ ብዛት በጎማው ጥርስ ላይ ይነበባል። የሁለቱ ጠርዝ ጥርስ ቀድሞ ካለቀ ንፋሱ ሲጎድል ኖሯል፣ መካከሉ ከላጠ ሲበዛ ኖሯል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ጉዳዩ በአብዛኛው የዊል አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቋምና አቅጣጫ መዛባት፣ ስለሆነ ንፋስ አይፈታውም።

ሌላው የተለመደ መሳሳት በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንደ መሙያ ልክ መውሰድ ነው። እዚያ የሚገኘው ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ነው፤ ያንኑ ጎማ ልዩ ልዩ ክብደት ያላቸው መኪኖች ሊያስሩት ስለሚችሉ ለአንዱ መኪና የሚገባውን ሊነግር አይችልም። በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ጽሑፍ በብዙ መኪኖች ለሙሉ ጭነት የሚሆን ሁለተኛ ቁጥር አለው፤ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ ቆላ ሰው ሞልቶና ዕቃ ጭኖ የሚወርድ ሰው መከተል ያለበት ይህንን ነው። በቆላው ሙቀት ፈርቶ ከዚያ በታች መሙላት ጉዳት አለው። በናይትሮጂን ማስሞላትም ከዚህ ሕግ አያወጣም፤ ናይትሮጂን በጎማው ግድግዳ አልፎ የሚያመልጠው ቀስ ብሎ ቢሆንም ሲሞቅ እንደ ማንኛውም አየር ግፊቱ ይጨምራል።

እንግዲህ መለካት የሚገባው ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው። ጎሚስታው ሩቅ ከሆነ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የዝግታ ጉዞ ውጤቱን ብዙ አያዛባውም፤ ከዚያ ከራቀ ግን አነስተኛ የእጅ መለኪያ ገዝቶ ቤት ለክቶ የጎደለውን መጠን አውቆ መሄድ ይሻላል። ለምሳሌ ቤት ውስጥ 3 ፒኤስአይ ከጎደለ፣ ጎሚስታው ዘንድ መለኪያው ያሳየው ቁጥር ምንም ይሁን ምን በዚያ ላይ 3 ማስጨመር በቂ ነው። መንገድ ላይ ጎማው ሞቆ እያለ ጨርሶ መጉደሉ ከታየና መሙላት ግድ ከሆነ፣ ከተጻፈው ልክ 4 ፒኤስአይ ያህል አስበልጦ ሞልቶ በማግስቱ ጠዋት ማስተካከል ይቻላል።

ደኅና ጎማም ቢሆን በወር 1 ፒኤስአይ ያህል ሊያጣ ስለሚችል ልኬቱ በወር አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ለረጅም ጉዞ ሲታሰብም ከመነሻው ዕለት ጠዋት። የቫልቩ ክዳን ከጠፋ መተካት አለበት፣ የደንገጎ አቧራ ወደ ቫልቩ ገብቶ ንፋስ እንዲያስተነፍስ ያደርጋልና። ማንም የማያስታውሰው እስኮርታም (ተጠባባቂው ጎማ) አብሮ ይለካ፤ ከዋናዎቹ ጎማዎች ቀጠን ብሎ የተሠራ ከሆነ የሚፈልገው ንፋስ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው፣ ይህም በራሱ በእስኮርታው ላይ ተጽፎ ይገኛል።