ዳግም የተቀዳ ክፍል፦ ተከታታይ ድራማ የራሱን አሮጌ ምስል ለምን ይደግማል?

አንዳንድ የተከታታይ ድራማ ክፍል አብዛኛው ምስሉ ካለፉት ክፍሎች ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው፤ አዲስ የተቀረጸው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጅማ ውስጥ ቡና እየተፈላ ድራማ በሚታይበት ቤት ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በረካ ነው። ጀበናው ላይ ውሃ ይጨመራል እንጂ ዱቄቱ ያው የአቦሉ ነው።

ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች ለአንድ ምዕራፍ 22 እና ከዚያም በላይ ክፍል ያዝዙ በነበረበት ዘመን፣ በጀቱን ውድ በሆኑ ክፍሎች ላይ አስቀድሞ የጨረሰ ፕሮዲውሰር የቀረውን በርካሽ መሙላት ግድ ይለው ነበር። የጠፈር ጉዞ ድራማው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛ ምዕራፉን የዘጋው እንዲህ ነው። መኮንኑ ራይከር ታሞ ይተኛል፤ ሐኪሟ አእምሮውን ስትቀሰቅስ ያለፉት ክፍሎች በትዝታ መልክ ይመጣሉ። ቀረጻው በ3 ቀን አለቀ። ብዙ ተመልካች ከተከታታዩ ደካማ ክፍሎች ይመድበዋል፤ አይፈረድበትም፣ ታሪኩም ከታማሚው ጋር ተኝቷል።

ገንዘብ ባይጎድል ጊዜ ይጎድላል። የመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» እ.ኤ.አ. በ1966 ቀረጻው ስርጭቱን መቅደም ሲያቅተው፣ ጣቢያው ሳይቀበለው የቀረውን የሙከራ ክፍል ከመጋዘን አውጥቶ የችሎት ማስረጃ አደረገው። የመርከቧ መኮንን ስፖክ ተከሶ ይቀርባል፤ ዳኞቹ ማስረጃውን ሲያዩ ተመልካቹም አብሮ ያያል። ከአንዱ ሙከራ ሁለት ክፍል ተገኘ። ምስሉ አሮጌ ቢሆንም ተላልፎ ስለማያውቅ ማንም አልሰለቸውም። የጃፓን አኒሜሽን ሠሪዎችም ሥዕሉ ለስርጭት ሳይደርስ ሲቀር «ሶሹሄን» የሚሉትን የማጠቃለያ ክፍል ያስገባሉ።

አሮጌ ምስል ሁልጊዜ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጠንካራ የተዋንያን ማኅበር ባለበት አገር ለድጋሚ አጠቃቀም ይከፈላል።

ቪዲዮ ካሴት ከመስፋፋቱ በፊት ያመለጠን ክፍል መልሶ ማየት ዘበት ስለነበር፣ ድግምግሞሹ ለተመልካች ውለታ ነበር። ዩቲዩብ ይህን ጥቅም ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ የቤቱ እናት ስኒ እያለቀለቁ «ይህንንማ አይተነው የለም እንዴ!» ሲሉ፣ መብራት ጠፍቶባት ያመለጣት ጎረቤታቸው በርጩማዋን ወደ ቴሌቪዥኑ ታስጠጋለች።