ከ11:30 በኋላ፦ የጅማ ሐኪሞች ፓርት ታይምና የትውውቅ ገመድ

ጅማ ውስጥ ሐኪም «ፓርት ታይም አለኝ» ሲል፣ ከመንግሥት ሥራው ውጪ በግል ክሊኒክ ወይም በግል ሆስፒታል የያዘው ሥራ አለ ማለት ነው። መልኩ ብዙ ነው። ከ11:30 በኋላ ተመላላሽ ታካሚ የሚያይ አለ። ሌሊቱን ዲዩቲ፣ ማለትም ተረኛ ሆኖ፣ የሚያድር አለ። ቅዳሜና እሁድን ብቻ የሚይዝ አለ። ስፔሻሊስት ከሆነ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ሲደወልለት የሚሄድበት ኦንኮል አለ።

ይህ ሥራ በማስታወቂያ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በሰው ነው የሚገኘው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ከተማዋን ማየት ይበቃል። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚባለው ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሆስፒታሉ 800 ያህል አልጋ አለው። ለ15 ሚሊዮን ያህል የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ የሪፈር መዳረሻ ነው። ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። የከተማው ስፔሻሊስት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው መምህር ነው፤ ስለዚህ የግል ክሊኒኩም የሚፈልገው ያንኑ ሰው ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ የተኙ ታካሚዎችን እየዞረ ሲያይ፣ ተማሪዎች ከበውት ያየነው ሐኪም፣ ማታ ክሊኒክ ውስጥ ጋውኑን ከቦርሳው አውጥቶ ሲለብስ እናገኘዋለን።

ትውውቁ የሚጀምረው ከተማሪነት ነው። ጅማ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቷ ትታወቃለች። ተማሪዎች «ቲቲፒ» በሚሉት የቡድን ሥልጠና የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የፋርማሲው፣ የላቦራቶሪውና የሌላውም ዘርፍ ተመራቂ ተማሪ አንድ ላይ ሆኖ እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ወዳሉ ከተሞች ይወጣል። እዚያ ለሳምንታት አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይበላሉ። በኔ እይታ የጅማ ሐኪሞች ትውውቅ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው የባቹን፣ ማለትም አብረውት የተመረቁትን፣ ሐኪሞች ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ኃላፊ «አንድ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) እንፈልጋለን፣ ሰው አለህ?» ብሎ የሚደውለው ለቲቲፒ ጓደኛው ነው።

ከዚያ ኢንተርንነቱ፣ ከመመረቅ በፊት ያለው የሆስፒታል ልምምድ፣ ይመጣል። ዲዩቲ ክፍል ውስጥ ሰው በደንብ ይተዋወቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲቀሰቀስ የሚነሳው ማን ነው? «እኔ አየዋለሁ፣ አንተ ትንሽ ጋደም በል» የሚለውስ? ከዓመታት በኋላ ሥራ ሲገኝ ስሙ የሚነሳው ያ ሰው ነው። ማንም አይጽፈውም እንጂ ትክክለኛው የሥራ ልምድ ወረቀት እሱ ነው።

አከፋፈሉም እንደየሥራው ነው። ዲዩቲ ላደረ በአዳር፣ ተመላላሽ ላየ በታካሚ ቁጥር ወይም በወር፣ ቀዶ ሕክምና ለሠራ በፐርሰንት ይከፈላል። ብዙ ጊዜ ስምምነቱ የቃል ነው። ክፍያ ሲዘገይ ሐኪሙ የሚሄደው ሥራውን ወዳገኘለት ወዳጁ ነው፤ ወዳጁ በመሐል ይሳቀቃል።

በሕግ የታወቀ ሌላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ባስጀመረው ማሻሻያ፣ የመንግሥት ሆስፒታሎች ታካሚዎች ከሥራ ሰዓት ውጪ ከፍለው የሚታከሙበት የግል ክፍል እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ገቢውን ሆስፒታሉና ባለሙያው ይካፈላሉ። ሐሳቡ ሐኪሙ ውጭ ሳይሮጥ እዚያው እንዲያገኝ ነው።

ሐኪሙ ለምን ይሮጣል? ደመወዙ ስለማይበቃው ነው፣ ሌላ ሰበብ መፈለግ አያስፈልግም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ሥራ እስከማቆም የደረሱትም በዚሁ ጥያቄ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ ወንድም እህት ማስተማር አለ። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ክሊኒክ ሲያድር የነጋበት ሰው ጠዋት 2:30 ላይ ዎርድ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ከሊሙ ወይም ከበደሌ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ገበሬ ከፊቱ ተቀምጧል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ገመዱ ሁሉንም እኩል አይስብም። ብዙው ወሬ የሚወራው ከሥራ በኋላ፣ ቡና ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ልጇን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ባጃጅ የምትጠብቅ ሐኪም ወሬውን የምትሰማው ቦታው ከተያዘ በኋላ ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አዲስ ሬዚደንትም፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ እንደዚያው። ይህ መስተካከል አለበት። ክሊኒኮች ክፍት ቦታቸውን ሆስፒታሉ በር ላይ ቢለጥፉ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ የሚያኮራ ጎን አለው። ጅማ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት። ለፋሲካ ሙስሊሞቹ ዲዩቲ ይይዛሉ፤ ለዒድ ክርስቲያኖቹ። «ዒድን ያዝኩልህ፣ ገናን ትይዝልኛለህ» መባባል የተለመደ ነው። ረመዳን ላይ የማታው ዲዩተር ቀደም ብሎ ገብቶ ጓደኛውን ለማፍጠሪያ ይለቀዋል።

በሽተኛውም በዚሁ ገመድ ይጠቀማል። ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ሚዛን የተመደበ ሐኪም ኤክስሬይ በስልኩ አንስቶ ለባቹ በቴሌግራም ይልካል። ፎቶው ላይ የታካሚው ስም መሸፈን አለበት፣ አንዳንዴ ይረሳል። መልሱ ግን ቶሎ ይመጣል፦ «አታቆየው፣ ላከው፣ ዛሬ ዲዩቲ ላይ ነኝ።» ያኔ ሐኪሙ የሪፈር ወረቀቱን ይጽፍና ገልብጦ ጀርባው ላይ የጓደኛውን ስልክ ቁጥር ይጨምርበታል። «ጅማ ስትደርሱ በዚህ ደውሉ» ብሎ ለአስታማሚው ይሰጠዋል።